ለእትዬ፦ ትልቁን ራውተር በሰላም ስለሰቀልንበት ሳምንት

እትዬ፣ ቋሚ ሆንኩ! ቴክኒሺያን ሆንኩ! ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት በእጄ ሰጡኝ። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍልሽ ከጎኔ ተቀምጧል፤ እንዳይበርብኝ የስኳር ዕቃውን ጭኜበት በየመስመሩ ቀና እያልኩ አየዋለሁ። እልል በይልኝ! እማዬም እልል ትበልልኝ! ጎረቤት ቢሰማም ይስማ!

ውይ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ! እንዴት ነሽልኝ እትዬዋ፣ እንዴት ከረምሽ? ደረጃ ላይ ያዳለጠሽ ቁርጭምጭሚትሽ ሻረልሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? አዲሱ መነጽር ተስማማት ወይስ አሁንም ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች? ባልሽስ፣ ያ ደጉ ሰው፣ መንገዱ እንዴት ይዞታል? የጭነት መኪናው አሁንም ዳገት ላይ ሲደርስ ያስላል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንም። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ትንሽ ሆዱ ወጥቷል፤ ልጄም ደህና ናት፣ ፈተናዋን ጨርሳ የእንቅልፍ ዕዳዋን እየከፈለች ነው። ናፍቆቱን ግን ተይው፣ እሱ በደብዳቤ አይወጣም።

ባለፈው የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። «አንቺ ልጅ፣ ከመብራት ጋር ምን አወዳጀሽ? በዚህ ዕድሜሽ መጥረጊያሽን ይዘሽ በሰላም ብትኖሪ ምናለ?» ብለሽ ነበር። አልተቀየምኩሽም። ልጅ ሆኜ የአባባን ሬዲዮ በማንኪያ ስጎረጉር መብራቱ ይዞኝ፣ በመጥረጊያ እንጨት ያለያየሽን አንቺ ነሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ፍርሃቱን ረሳሁት፣ አንቺ ግን እስከ ዛሬ ተሸክመሽልኛል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ እነግርሻለሁ። ሥራው እንደዚያ ማንኪያ እንዳልሆነ ገብቶሽ ልብሽ እንዲያርፍልኝ ነው። ረዘመ ብለሽ አታጉረምርሚ፤ ለእማዬ ስታነቢላት መሐል ላይ ውሃ ጠጪበት።

እንደምታውቂው በዚህ ሆስፒታል አሥራ አምስት ዓመት በጽዳት ሠርቻለሁ። ከዚያ የማታውን ትምህርት ልጄን ከሚያካክሉ ልጆች ጋር ተጋፍቼ ጨረስኩና ለስድስት ወር ሙከራ ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ወሰዱኝ። አለቃችን ኢንጂነሩ ነው፤ ዕድሜው የታናሽ ወንድማችን እኩያ ቢሆን ነው። እኛ በሌለበት «ቶሎ በሉ» እንለዋለን፣ ከሰላምታ ፊት የሚቀድመው ቃል እሱ ስለሆነ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠርቶኝ «አዲሱ ራውተር መጥቷል። ዝግጅቱን አንቺ ትመሪያለሽ። የሙከራ ጊዜሽ ዓርብ ያልቃል። ዓርብ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ተሰቅሎ ሲሠራ ካየሁት ቋሚ ነሽ፤ ካላየሁት ከውጭ ባለሙያ አስመጣለሁ፣ አንቺም ወደ ጽዳት ትመለሻለሽ» አለኝ። ጽዳት ነውር ሆኖ አይደለም እትዬ፣ ልጄን ያሳደግኩበት ነው። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በእንቅልፌ ላይ የተማርኩት ነገር አፈር ሲበላው ማየት አልፈለግኩም።

ራውተር ማለት፣ እማዬ እንድትረዳው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ «አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚያ» እንደሚል ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ የሚያሳልፈው ግን መኪና ሳይሆን መልእክት ነው። ታች የተነሳው የራጅ ፎቶ ላይ ፎቅ ያለችው ሐኪም ጋ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። አሮጌው ደክሞ መሐል መንገድ ላይ ማንቀላፋት ጀምሮ ነበር። አዲሱ አርባ ሁለት ኪሎ ይመዝናል! እና እንደ ቤት ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ራክ በሚሉት የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ በብሎን ይታሰራል።

እኔም ከሰኞ ጀምሮ ከዕቃው ጋር የመጣውን የጥንቃቄ መጽሐፍ ይዤ ክፍሉ ውስጥ ከተምኩ። ራኩ ከወለሉ ጋር በደንብ መታሰሩን በእጄ ነቅንቄ፣ አለመዝመሙን በውሃ ልክ አየሁ። ከባድ ዕቃ ከታች ነው የሚገባው፣ ከላይ ከጫንሽው ቁም ሣጥኑ በአፍ ጢሙ ይደፋል፤ ስለዚህ የታችኛውን ቦታ ለእሱ ለቀቅኩለት። ደግሞ ይተነፍሳል፤ ከፊት ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ ከኋላ ትኩሱን ይተፋል። ከኋላው ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የአሮጌ ፋይል ካርቶን እስከ ጣሪያ ተከምሮ አገኘሁና አንድ በአንድ አስወጣሁት። መብራት የሚያገኝባቸው ሁለቱ ሶኬቶች ከተለያየ ማጥፊያ የሚመጡ መሆናቸውን አረጋገጥኩ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲይዘው። የአደጋ ጊዜ ማጥፊያውን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ማግኘት አለብኝ ብዬ፣ ከራኩ እስከ ግድግዳው በጭፍን እየተመላለስኩ ሳለ ሽማግሌው የመብራት ሠራተኛ ገቡ። አባ መለኪያ ነው የምንላቸው፣ መለኪያቸውን ከእጃቸው ስለማይለዩ። አዩኝ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጸሎት ላይ ከሆንሽ ልመለስ?» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

ዋናው ነገር ግን የመሬት ሽቦው ነው፤ ይህን ደግመሽ አንብቢው፣ ላንቺ ስል ነው የምጽፈው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ወፍራም ሽቦ ነው። አንዱ ጫፉ ራኩ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ከግድግዳው ሥር ካለች የመዳብ ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ ዘንጓ ደግሞ ከመሬት ጋር የተገናኘች ናት። መብራቱ ከመንገዱ ወጥቶ ብረቱ ላይ ቢፈስ፣ ሰው ላይ ከመውጣት በዚያ ሽቦ በኩል ወደ መሬት ይገባል። ስንሰቅል ከሁሉ በፊት የሚታሰረው እሱ ነው፣ ስንፈታም ከሁሉ በኋላ የሚፈታው እሱ። የአባባ ሬዲዮ እንዲህ ያለ ጠባቂ ቢኖረው ኖሮ እኔና አንቺ ያን ቀን ባልተላቀስን ነበር።

ሐሙስ ልንሰቅለው ነበርና ረቡዕ ምሽት ላይ የጣት ቀለበቴ ትዝ አለኝ። ብረት ነገር አድርጎ መሥራት ክልክል ነው፤ ቀለበት፣ ሐብል፣ ሰዓት፣ ሁሉም ይወልቃል። የኔ ቀለበት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ወልቆ አያውቅም። ሳሙና ብንለው እንቢ፣ ዘይት ብንለው እንቢ፣ ባለቤቴ እግሩን አልጋው ላይ ተክሎ ይጎትት ጀመር። ልጃችን በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። በመጨረሻ ቧ ብሎ ሲወጣ እሱ ወደ ኋላው ተዘረረና፣ ከወለሉ ሳይነሳ «ሃያ ሁለት ዓመት ስትፈልጊ ኖረሽ ዛሬ ሰበብ አገኘሽ!» አለኝ። ይህቺን ለእማዬ ዝለያት፣ የምር እንዳይመስላት።

አሁን ወደ ሐሙስ ልውሰድሽ። ጠዋት የክፍሉን በር ስከፍት የሳሙና ሽታ ተቀበለኝ። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጎንበስ ብዬ ብነካው ውሃ! ራኩ ሥር ውሃ፣ የመብራት ገመድ በሚያልፍበት ቦይ ክዳን ላይ ውሃ። ማን እንደገባ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ቁልፉን የት እንዳደረግኩት ትዝ አለኛ! አሥራ አምስት ዓመት እንደለመደብኝ፣ እጄ ራሱ ሄዶ ጽዳቶች ክፍል ያለው ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ኪሴ ውስጥ መሆን ሲገባው! የጽዳት ኃላፊያችን፣ ሻለቃ የምንላት፣ ማልዳ ቁልፉን አየች። «ዛሬ የልጃችን ቀን ነው፣ እንዴት በቆሸሸ ክፍል ታፍራለች» ብላ ጓደኞቿን አስከትላ ከጥግ እስከ ጥግ አጥባልኝ ሄደች። ፍቅር ነው እኮ እትዬ። ምን ትያታለሽ?

ይህን ሳስብ ቶሎ በሉ ገባ፤ አባ መለኪያ ከኋላው፣ ሁለት የግምጃ ቤት ሠራተኞች ደግሞ ሣጥኑን በጋሪ እየገፉ። ወለሉን አየና «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። እርጥብ ነው፣ እስኪደርቅ መጀመር አንችልም አልኩት። «በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጊውና ጀምሩ» አለ። ቦዩ ተከፍቶ መታየት አለበት አልኩት። ሰዓቱን አየ። «ነገ ማለቅ እንዳለበት ታውቂያለሽ አይደል? ከዘገየ ያንቺው ጉዳይ ነው» አለኝ። ሰዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። አንድ ልቤ «ጀምሪ፣ ምን አገባሽ፣ አለቃሽ ነው ያዘዘሽ» ይለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቻለሁ፣ እዚህ ግን የሚፈሰው የሰው ነፍስ ነው። «ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይሆንም» አልኩት። ድምፄ ቀጥኖ የዶሮ ጫጩት መሰለ፤ ግን ወጣ።

አይሆንም ካልኩ ላይቀር ደግሞ፣ የጥንቃቄ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው መስመር እንደገና እጀምራለሁ አልኩ። ትናንት ያየሁትን ሁሉ። እሱ ተናዶ በሩ ጋ ቆመ። እኔ ወገቤን አጥፌ በባትሪ እያበራሁ ከራኩ ኋላ ገባሁ። እትዬ፣ የመሬት ሽቦው በራኩ በኩል እንደታሰረ ነው፣ ምንም አልሆነም። በግድግዳው በኩል ግን ጫፉ ተፈቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል! የመዳቧ ዘንግ ደግሞ ተወልውላ ወርቅ መስላ ታበራለች። ክው አልኩ። ምክንያቱም ያ ሽቦ ተፈቶም ቢሆን ዕቃው ይሠራ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ሁላችን እናጨበጭባለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንድ ቀን ግን መብራቱ መንገድ ሲስት፣ ብረቱን መጀመሪያ የነካው ሰው መሬት ይሆንለታል። ብረቱን በየቀኑ የምነካው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቶሎ በሉ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው እዚህ የገባው?» ብሎ ጮኸ። ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅዬ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። የማንንም ስም አላነሳሁም። ሻለቃ ግን ለካ ኮሪደሩን እየወለወለች ትሰማለች፤ መወልወያዋን እንደ ጦር ይዛ ገባች። «ኢንጂነር፣ እሷ ላይ አትጩህ! የፈታሁት እኔ ነኝ። ዘንጓ ጠቁራ ሳያት አሳዘነችኝ። ልወለውላት ብዬ ፈታሁ፣ መልሼ ልሰር ስል ደወል ተደወለና ረሳሁት» አለች። ከዚያ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇን ከትታ፣ ከቁልፎቿና ከከረሜላ ልጣጭ ጋር ብሎኑን አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። አባ መለኪያ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቶሎ በሉ ብሎኑን ለኔ ሰጠኝና ወጣ።

ያን ቀን ቦዩን ከፍተን፣ ማራገቢያ ተክለን፣ ስናደርቅ ዋልን። ሻለቃ ፊቷ ጠቁሮ «ልጄን ገደልኳት» እያለች በየሰዓቱ ብቅ ትላለች፤ እኔ ነኝ የማጽናናት። አባ መለኪያ ሽቦውን መልሰው አስረው ከለኩ በኋላ «በዕድሜዬ እንዲህ በተወለወለ መዳብ ላይ ሽቦ አስሬ አላውቅም፤ ከድሮው ይበልጣል» ብለው አሳቋት። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ባለቤቴ «ጽዳትም ብትመለሺ ሚስቴ ነሽ፣ ኢንጂነርም ብትሆኚ ሚስቴ ነሽ። ለኔ የሚለወጥ ነገር የለም፣ እራት ብቻ ቶሎ ይቅረብ» አለኝ። ሳቅሁ፣ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ወለሉ አጥንት ሆኖ ደርቋል። ሁሉንም እንደገና አየሁ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ አለ፤ ገመዱ ራኩ ላይ ይያያዛል። ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጠ የሚለው ነገር የለም? ያቺን የምታክል እሳት የዕቃውን አንጀት ታቃጥለዋለች፣ ማሰሪያው እሷን ነው የሚያስወግደው። ከዚያ ብቻዬን ሳይሆን አራት ሆነን፣ ጉልበታችንን አጥፈን ወገባችንን ሳናጎብጥ፣ እጀታውን ሳይሆን ሥሩን ይዘን፣ በሦስት ቆጥረን አነሳነው። ልክ ቦታው ገባ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም! ብሎኖቹን ከታች ወደ ላይ አጠበቅኩ። መጀመሪያ የራውተሩን የራሱን የመሬት ሽቦ ከራኩ ጋር አሰርኩ፣ ቀጥሎ አንዱን የመብራት ገመድ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ሰካሁ። መብራቷ ቢጫ ሆነች። ብዙ ቆየች። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ አረንጓዴ! አሥር ሰዓት ሲሆን ላይ ፎቅ ያለችው ሐኪም ደውላ «የራጁ ፎቶ ገና ቁጭ ሳልል ደረሰኝ፣ ምን አድርጋችሁት ነው?» አለች። ቶሎ በሉ መጥቶ ከራኩ ኋላ ገባ፣ የመሬት ሽቦውን በእጁ ሳብ ሳብ አድርጎ አየና «እሺ» ብሎ ሄደ። እሺ ብቻ! ቅዳሜና እሁድን በዚያች እሺ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ጠራኝና ሁለት ወረቀት አወጣ። መጀመሪያ የሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የመሣሪያ ክፍል ቁልፍ ያለአግባብ ስለማስቀመጥ ይላል። ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ገፋ አድርጎ «ያንን ያገኘሽው በቁልፉ ነው። ይሄንን ያገኘሽው አይሆንም ብለሽ ስለቆምሽ ነው። እኔ ጀምሩ ብዬ ነበር፤ ብትጀምሪ ኖሮ ዛሬ የምፈርመው ሌላ ወረቀት ነበር» አለኝ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። ሁለቱንም ወረቀት በደረቴ አቅፌ ስወጣ ጽዳቶቹ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሻለቃ እልልታውን ስትለቀው ነርሶቹ ሰው የተወለደ መስሏቸው ከየክፍሉ ወጡ። ልቤ ቅቤ ጠጣ እትዬ!

ስለዚህ ከእንግዲህ ስለኔ አትስጊ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ፍርሃቱን ዝርዝር አድርገው ጽፈውት፣ እኔ በየተራው ስለምጠይቀው ነው። አንቺ ያን ጊዜ ማንም ሳያስተምርሽ በባዶ እጅሽ ሳትነኪኝ እንጨት ያነሳሽው ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነበር። መጽሐፉ ላይ ሳነበው «ይህንንማ እህቴ በልጅነቷ ታውቀው ነበር» አልኩ። አባባ ቢኖር ይኮራብሽ ነበር፤ በኔም ትንሽ።

እንግዲህ ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለእኔ ያለችውን ምርቃት ቆጥባ ታቆይልኝ። ባልሽን መንገዱ ቀና ይሁንልህ ብላለች በይልኝ፤ ፍሬኑን ሳያይ እንዳይነሳ። ትልቁ ልጅሽ ቁመቱ በሩን ደረሰ ብለሽኛል፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይበለኝ። ለመንትዮቹ አክስታችሁ የሰው ቤት ራውተር እንጂ የናንተን ጭቅጭቅ መጠገን አልችልም ብላለች በያቸው። ባለቤቴ እጅ ይነሳል። ልጄ እማዬን አያቴ ናፍቀሽኛል ትላለች። ሻለቃም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች፤ «እህትሽ ካንቺ ከባሰች እንዴት ልንችላችሁ ነው?» ትለኛለች።

ይህን የጻፍኩልሽ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ ነው፣ ዛሬ ሰኞ ግንቦት 18 ቀን። ቋሚ ለመሆኔ ድግስ ልደግስ ነው፤ እስከዚያ ባልሽ ከጭነት ፈቃድ ይጠይቅ፣ የልጆቹም ትምህርት ይዘጋል፣ ቁርጭምጭሚትሽም ይጠነክራል፤ ሰበብ አልቀበልም። አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ የጎረቤቴም ሳሎን ተለቅቆልኛል። ድግሱ ሰኔ 21 ቀን ቅዳሜ ነው፤ እማዬን መሐል አስቀምጣችሁ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚቀር አንድም ሰው እንዳይኖር።